«ኦፕሽናል» ለሚሉት ኤሴ 150 ዶላር፦ የኮሌጅ አማካሪ ቀጥረን ያየነው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ትልቋ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ። ባለፈው ሰመር ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን አንድ ወዳጄ «የኔን ልጅ ያስገባልኝ እሱ ነው» ብሎ የአንድ የኮሌጅ አማካሪ ስልክ ሰጠኝ። ደወልኩ፣ ከፈልኩ፣ ዓመቱ አለቀ፣ ያመለከተችባቸው ኮሌጆችም መልስ መጣ። አሁን ልጻፈው አልኩ፤ ምክንያቱም ዘንድሮ የሚያመለክት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ያው ስልክ ቁጥር እየተቀባበላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አማካሪው የኛው ሐበሻ ልጅ ነው፣ እንጀራውን ልዘጋበት አልፈልግም፤ ደግሞ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ዋጋው። ፓኬጁ 2,400 ዶላር ነው። 8 ትምህርት ቤት (ኮሌጅ ማለቴ ነው)፣ ዋናው ኤሴ ማለትም ድርሰቱ፣ የአክቲቪቲ ዝርዝር (ከክፍል ውጪ የምትሠራቸው ነገሮች)፣ 6 ጊዜ በዙም መገናኘት። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እኔ አላነበብኩትም፤ ፓኬጁ ውስጥ ያልተቆጠረ እያንዳንዱ ተጨማሪ ጽሑፍ 150 ዶላር ያስከፍላል። እኔ የምተዳደረው መኪና እየነዳሁ ነው። 150 ዶላር ማለት ሬገን ኤርፖርት ስንት ጊዜ ተመላልሼ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ራሴ 5 ኪሎ ሲቪል የተማርኩ ነኝ። ለምን ኢንጂነሪንግ መረጥክ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ማትሪክ ተፈተንን፣ ውጤት መጣ፣ ቅጽ ሞላን፣ ተመደብን። ሲቪልን የመረጠው ነጥቤ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ልጄ «አባዬ፣ ለምን ኢንጂነር መሆን እንደምፈልግ በ250 ቃል ጻፊ ብለውኛል» ስትለኝ፣ በእውነት ምን እንደምላት ጨንቆኝ ነው ወደ አማካሪ የሄድኩት። ፈርቼ ነው የከፈልኩት ብል ይሻላል።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ልጅ ኮመን አፕ በሚባለው አንድ ቅጽ ነው የሚያመለክተው። በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት መጨመር ይቻላል። ሁሉም ጋ የሚሄድ እስከ 650 ቃል የሚደርስ አንድ ዋና ኤሴ አለ። ከዚያ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን አጫጭር ጥያቄዎች ይጨምራሉ። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ጥያቄ ግዴታ ነው፣ አንዳንዱ ኦፕሽናል ነው፣ ማለትም ብትጽፊም ባትጽፊም ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኢንጂነሪንግ ከመረጥሽ ብቻ ግዴታ ይሆናል። ፕሪንስተን ለምሳሌ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ለሚፈልጉ ለብቻው የ250 ቃል ጥያቄ አለው፣ እሱ ግዴታ ነው። ኖርዝዌስተርን በቅርብ ዓመታት ከአንዱ ግዴታ ሌላ አምስት አማራጭ ጥያቄዎች ይደረድርና ቢያንስ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት መልሱ ይላል። ኤምአይቲ ጭራሽ ኮመን አፕ ውስጥ የለም፤ የራሱ ቅጽ አለው፣ በእጃቸው ነገር የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን በፎቶና በቪዲዮ የሚያሳዩበት የሜከር ፖርትፎሊዮም አለው፣ እሱም ኦፕሽናል ነው። አንዱ ቃል በየቤቱ ሌላ ትርጉም አለው ማለት ነው።

ስለ አማካሪው በጎውን ላስቀድም፣ ካለበለዚያ ግፍ ይሆንብኛል። ሰንጠረዡ ግሩም ነበር። ስምንቱንም ትምህርት ቤት በቀን በቀን ደርድሮ፣ ማመልከቻቸው ኖቬምበር 1 የሚዘጋውን በቀይ፣ ጃንዋሪ የሚዘጋውን በሰማያዊ ቀብቶ ላከልን፣ እኛም ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው። የአክቲቪቲውንም ዝርዝር አሳምሮ ሠራው። እዚያ ላይ 10 ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል፣ ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ። ልጄ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ» ብላ ብቻ ነበር የጻፈችው። እሱ ስንት ልጅ? ምን ታስተምሪያቸዋለሽ? በሳምንት ስንት ሰዓት? እያለ አውጣጣት። 14 ልጆች፣ ፊደል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት፣ ለሦስት ዓመት። እኔ አባቷ እንኳ ሦስት ዓመት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሴፕቴምበር ላይ ኦፕሽናል ወደሚሉት መጣን።

ከስምንቱ ሁለቱ ለኢንጂነሪንግ አመልካቾች ኦፕሽናል ኤሴ ነበራቸው። ልጄ ዋናው ኤሴዋ ላይ አያቷን ሆስፒታል ወስዳ ስታስተረጉም ያጋጠማትን ጽፋለች። ደህና ነው፣ ግን ስለ ኢንጂነሪንግ አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ እንጻፈው ወይስ እንተወው? አማካሪውን በዙም ጠየቅነው። እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ኦፕሽናል የሚባለው ለፈረንጅ ልጅ ነው። ለኛ ልጅ ግዴታ ነው። የተዉት እንደሆነ ሰነፍ ናት ነው የሚሉት።» እና ሁለቱን 300 ዶላር ብሎ ደመረልኝ።

አሁን ሳስበው ይቺ ንግግር ናት የሸጠችልን። ፍርሃታችንን ያውቃል። ስደተኛ ወላጅ «ለኛ ግዴታ ነው» ሲባል አይከራከርም፤ ሁሉም ነገር ለኛ እጥፍ እንደሆነ ነው የምናምነው። ይሁን እንጂ ነጥብ አለው። ቦታ ሰጥተውሽ ባዶውን መመለስ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ የሚያስቆጭ ነው። የዘነጋው ነገር ግን ምን ሊጻፍበት እንደሆነ መጠየቁን ነው። መጻፍ አለባት አለ፤ የምትጽፈው ነገር አላት ወይ አላለም።

አላት። ታሪኩ እንዲህ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋቢ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሸክላው ሳይሰበር መድረሱን እስካሁን እንደ ተአምር ነው የምታወራው። ሀገር ቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ እዚህ የኩሽና ሶኬት 120። ሰክተን ጠበቅን፣ ጠበቅን። ሊጡ ሲፈስበት ዓይን የለው፣ ምን የለው፣ ተለጥፎ ቀረ። እናቴ «የአሜሪካ መብራት ጉልበት የለውም» ብላ ፈረደች። ልጄ ደግሞ ደብተር አወጣች። 120ን ለ220 አካፈለች፣ የመጣውን በራሱ አባዛች፣ 0.30 ገደማ። ቮልቱ በግማሽ አካባቢ ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ ምጣዱ ከሚገባው ሲሶ እንኳ አያገኝም። አያቷን አስቀምጣ ይህን አስረዳቻት። እናቴም «ያልኩት እኮ እሱን ነው» አለቻት።

ከዚያ የሚስቴ ወንድም ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ መጥቶ ምድር ቤት፣ የልብስ ማድረቂያው መስመር ላይ በደንቡ አገናኘልን። እሱ 240 ነው። 240 ደግሞ ከ220 ስለሚበልጥ ኃይሉ 20 በመቶ ያህል ጨመረ፣ እንጀራው አረረ። ልጄ በርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር በ20 ዶላር ገዝታ መሃሉንና ዳር ዳሩን እየለካች፣ በስንት ደቂቃ እንደሚግል፣ ሲጠፋ በስንት ደቂቃ እንደሚቀዘቅዝ እየጻፈች፣ እያበራች እያጠፋች አንድ ወር ቤቱን የጢስ ቤት አደረገችው። አንዳንዱ ቀን ያምራል፣ አንዳንዱ ቀን ለውሻ አይሆንም። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰለቻትና ያንን ለኖርዌጂያን ቂጣ ተብሎ የተሠራውን፣ ብዙ ሐበሻ ቤት ያለውን ቤታኒ የሚባል ክብ መጋገሪያ ገዝታ ገባች። ነገሩ በዚያው አለቀ። ልጄ ግን አዲሱን ገልብጣ ቴርሞስታቱን ታይ ነበር፤ እሷ ቁጭ ብላ በእጇ ስታበራ ስታጠፋ የከረመችውን ያ ትንሽ ነገር በራሱ ይሠራዋል።

ይህን ጻፈች። 240 ቃል። አንብቤ ሳቅኩ፣ ለእናቴም ተርጉሜ አነበብኩላት።

አማካሪው አልወደደውም። አንደኛ «እንጀራና ቡና ሁሉም ሐበሻ ልጅ ይጽፋል፣ ሰልችቷቸዋል» አለ። ይህን ቃሉን አልንቀውም፤ እውነት ሊኖረው ይችላል፣ የቡና ሥነ ሥርዓት የማይነሳበት የኛ ልጅ ኤሴ እኔም ብዙ አላየሁም። ሁለተኛ «መጨረሻው ሽንፈት ነው፣ ሽንፈት አይጻፍም» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ አስተካክሎ የላከው ሲከፈት ምጣዱ ጠፍቷል። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፈጠራ ያለኝ ጥልቅ ፍቅር ዓለምን ለመለወጥ…»። ከልጅነቷ ጀምሮ የነበራት ፍቅር ሪሞት ኮንትሮል መፈታታት ነው፣ መልሳም አትገጥመውም ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛው ያማረ ነው፣ ስህተት የለውም፣ የሰውም አይደለም። የጎረቤቴን ልጅ ስም ብጽፍበት ይሄዳል። 150 ዶላር የከፈልኩት ልጄን ከራሷ ጽሑፍ ውስጥ ለማስወጣት ሆነ።

ሌላም የሚያስቀው ነገር፣ ይሄ የተገራ ቋንቋ ድሮ ዋጋ ነበረው ይሆናል፣ አሁን ግን አንባቢዎቹም ነቅተዋል። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ለኤሴ በቁጥር ነጥብ መስጠት ማቆሙ ተሰምቷል። ምክንያት ያሉት አንዱ ኤአይ፣ ሌላው ደግሞ እንደኛ ያለው በገንዘብ የሚገዛ እርዳታ ነው። ጽሑፉን አሁንም ያነቡታል፣ ልጁ ማን እንደሆነ ለማወቅ፤ የልጁ የመጻፍ ችሎታ ማረጋገጫ አድርገው ግን አይወስዱትም። እንግዲህ ለማማር ብቻ የሚከፈለው ብር የት እንደሚሄድ አስቡት።

ፍርዱን የሰጠችን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ በነጻ፣ በምሳ ሰዓት። ሁለቱንም ጽሑፍ አነበበችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ ይህን ኤሴ ብታወጪው ከማመልከቻሽ ውስጥ ምን ይጎድላል? የአማካሪው ቢወጣ ምንም አይጎድልም። ምጣዱ ቢወጣ ግን ልጅቷ በእጇ ነገር እንደምትነካ፣ እንደምትለካ፣ ሲበላሽባት እንደማትሸሽ የሚያሳይ ሌላ ቦታ የለም። ፊዚክስ ኤ ማግኘቷ የውጤት ወረቀቷ (ትራንስክሪፕቱ) ላይ አለ። ይሄ ግን የትም የለም።

በዚህ ጥያቄ ሁለቱን ትምህርት ቤት ለየብቻ አየናቸው። በአንደኛው፣ ከኦፕሽናሉ ውጪ ስለ ኢንጂነሪንግ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ምጣዱ ገባ። በሁለተኛው ግን ግዴታ የሆነው «ለምን እኛን መረጥሽ» የሚለው ላይ ምጣዱን፣ የምትፈልገውን ላብራቶሪ፣ ሁሉንም ጽፋ ጨርሳለች። እዚያ ኦፕሽናሉን ብትጽፍ ወይ ራሷን ትደግማለች፣ ወይ ቃል ታበዛለች። ተወችው። ባዶውን። አማካሪው ሲሰማ «ጋሼ፣ እኔ አላልኩም» አለኝ፣ በጽሑፍም አረጋገጠልኝ፣ ምናልባት ለጠበቃ ይሆናል። ይባስ ብሎ ምጣዱን ኮመን አፑ ላይ ያለው የተጨማሪ መረጃ ቦታ ላይ ገልብጠን እንድንለጥፈው ሐሳብ አቀረበ። ያ ቦታ ከ2025 ጀምሮ ከ650 ቃል ወደ 300 ወርዷል። ሰዎቹ አታብዙብን እያሉ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀዳዳ ባየን ቁጥር እንሞላለን።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ። ይሄ ከገንዘቡም በላይ ያናደደኝ ነው።

ከስምንቱ አንደኛው ትምህርት ቤት ሰንጠረዡ ላይ «ተጨማሪ ኤሴ የለም» ተብሎ ነበር የተመዘገበው። አማካሪው ሰንጠረዡን ሲሠራ የትምህርት መስክ የሚለውን «ገና አልወሰንኩም» አድርጎ ሞልቶ ነው ያየው። ኦክቶበር 30 ማታ፣ ልጄ ልትልክ ስትል መስኩን ወደ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ቀየረችው። ወዲያው ከሥሩ ያልነበረ አዲስ ሳጥን ብቅ አለ፣ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ 250 ቃል፣ ግዴታ። ጥያቄው የሚወለደው ኢንጂነሪንግ ስትመርጪ ነው፤ ካልመረጥሽ አይታይሽም። ዴድላይኑ ኖቬምበር 1። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩለት፣ አላነሳም። ቴክስት አደረግኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሰው በዝቶብኝ ነው» ብሎ መለሰ፤ እሱ ሲመልስ ልጄ ልካ ጨርሳ ተኝታለች። ምጣዱን ቆርጣ፣ ለጥያቄው እንዲስማማ አዙራ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጨረሰች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቃል ስቆጥር አደርኩ። ለኦፕሽናሉ 300 ዶላር የጠየቀን ሰው ግዴታውን አላየውም ማለት ነው።

ስለዚህ ማንንም ብትቀጥሩ፣ ወይም ማንንም ባትቀጥሩ፣ ኦገስት ላይ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ገጽ ላይ የምትፈልጉትን መስክ ምረጡና ምን እንደሚወጣ እዩ። አሥር ደቂቃ ነው። ሁለተኛ ምርጫ ካላችሁ እሱንም ሞክሩ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲመረጥ ሌላ ጥያቄ የሚያወጣም ሊኖር ይችላል።

ገንዘቡን ጠይቄው ነበር። ላልጻፍነው ኤሴ የከፈልኩትን 150 ያለ ብዙ ንትርክ መለሰልኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ላበላሸው ግን አልመለሰም፤ «ሥራው ተሠርቷል» ነው መልሱ። በኮከብ ይሁን ከተባለ ከ5 ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱ የሰንጠረዡና የአክቲቪቲው ናቸው፣ ግማሹ ጋሼ እያለ በትህትና ስላናገረኝ። የቀረው ሥራ ግማሹ በነጻ የሚገኝ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ አማካሪ (ካውንስለር) አለች፣ ቀጠሮ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ ነጻ ትምህርት አለ። ፌንተን ስትሪት ያለው ላይብረሪ ውስጥ ደግሞ ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት ኤሴዋን ስትሠራ ከርማለች፣ ፐርፕል ላይን የሚባለው የባቡር መስመር ገና ሲገነባ በመስኮት እያየች። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የማመልከቻ ክፍያውንም የሚያስቀር ነገር ኮመን አፑ ውስጥ አለ። ይህንን አማካሪው አልነገረንም፣ ያወቅነው ከካውንስለሯ ነው።

ውጤቱን ትጠይቁኛላችሁ። ኦፕሽናሉን ባዶ የተወችበት ትምህርት ቤት ተቀበላት። ምጣዱን ኦፕሽናል አድርጋ የላከችበት ዌይት ሊስት፣ ማለትም ተጠባባቂ፣ አደረጋት። በሌሊት የጻፈችበት ደግሞ ተቀብሏት ጥሩ ፋይናንሻል ኤድም (የገንዘብ ድጋፍ) ሰጣት፣ ምናልባት የምትሄደውም እዚያ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ባዶ መተው ያስገባል እንዳትሉ፤ እኔም ሞክሬው ነበር፣ ባለቤቴ ናት የሳቀችብኝ።

ትናንት ያ ወዳጄ ቤተ ክርስቲያን አግኝቶኝ «ታናሿ 9ኛ ክፍል ገባች አይደል? ለሷም ትወስደዋለህ?» አለኝ። ሰንጠረዡን ብቻ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቅልኝ አልኩት።